እጄ ያውቃል፣ አፌ አያውቅም

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አንድ ኮሚናል ውስጥ ለወላጆች፣ ለስፖርት መምህራንና ለሰፈሩ ወጣቶች ያደረግኩት ንግግር ነው። ከስልክ ቅጂ ላይ ጻፍኩት። የተደጋገመውን ቆርጫለሁ። ዝናቡ ጣራውን ሲመታ ያልተሰማውን ደግሞ ከማስታወሻዬ ሞልቻለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ጥሩ።

በቅድሚያ የብሎክ ኮሚቴዎቹን አመሰግናለሁ። ይህን ቤት ለሠርግና ለለቅሶ እንጂ ለባስኬት ሰጥተው አያውቁም። ዛሬም የሰጡን ሠርግ ስለሌለ ነው።

ለማታውቁኝ፣ ልጆቹ «ኮች» ይሉኛል። ከዚያ በፊት የኮሌጅ ተጫዋች ነበርኩ። ቦታዬ ፖይንት ጋርድ ነው። ኳሱን ከኋላ ይዞ የሚመጣው፣ ለሌላው የሚያቀብለው ማለት ነው። ቁመቴን አይታችሁ «ይሄ ነው ባስኬት የተጫወተው?» እንዳትሉ። 1 ሜትር ከ74 ነኝ። በእኛ አገር ኮሌጅ ያስኬዳል።

ጥሩ ተጫዋች ነበርኩ። ጉራ እንዳይመስላችሁ። ዛሬ የመጣሁት እሱን እንደ ችግር ላወራላችሁ ነው።

እዚህ ሰፈር ማሰልጠን ስጀምር የመጡልኝ ዘጠኝ ልጆች ናቸው። ሰባት ወንድ፣ ሁለት ሴት። ከሴቶቹ አንዷ የ12 ዓመት ልጅ ናት። ቀጭን፣ ዝምተኛ። ኳሱን ከደረቷ ገፍታ ነው የምትወረውረው። ቀለበቱ ጋ አይደርስም። እኔ ዳር ቆሜ እጮሃለሁ። «ሹት አድርጊው እንጂ!» ትወረውራለች። አይደርስም። «እንደሱ አይደለም፣ እንደዚህ!» ብዬ ኳሱን ተቀብያት እወረውራለሁ። ይገባል። «አየሽ?» «አየሁ።» ትወረውራለች። አይደርስም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ኳሱን አቅፋ መጣችና «ኮች፣ ክርኔን የት ላድርገው?» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። የሚወጣ ነገር የለም። ክርን? እኔ ራሴ ክርኔን የት ነው የማደርገው? በዕድሜዬ ስንት ሺህ ጊዜ ወርውሬያለሁ፣ አንድ ቀን ስለ ክርኔ አስቤ አላውቅም። «ዝም ብለሽ ወርውሪ፣ ይመጣልሻል» አልኳት። አልመጣላትም። ለምን ይመጣላታል?

ያን ማታ ቤቴ ገብቼ ትራስ እየወረወርኩ ክርኔን አያለሁ። ባለቤቴ ከኩሽና ብቅ አለች፣ አየችኝ፣ ምንም ሳትናገር ተመለሰች። የባሰው ደግሞ፣ ክርኔን ማየት ስጀምር ትራሱን እንኳ በደንብ መወርወር አቃተኝ። ደረጃ ስትወርዱ ስለ እግራችሁ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እንዳታስቡ፣ ትወድቃላችሁ።

እሁድ ጠዋት አንዱን ልጅ በስልክ ቅረጸኝ አልኩት። ቪዲዮውን ቀስ አድርጌ ሳየው ገረመኝ። ለካ እኔ በእጄ አይደለም የምወረውረው። መጀመሪያ ጉልበቴ ይታጠፋል። ጉልበቴ ሲዘረጋ ኃይሉ በወገቤ አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። ክርኔ ከኳሱ ስር ሆኖ ወደ ቀለበቱ ያያል። መጨረሻ ላይ አንጓዬ እጥፍ ይልና ጣቶቼ ቁልቁል ይንጠለጠላሉ፣ ልክ እጁን ታጥቦ ውሃውን እንደሚያራግፍ ሰው። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው።

እኔ ግን ልጅቷን ሦስት ቀን ሙሉ «እጅሽን አጠንክሪ» ስላት ነበር የከረምኩት። የ12 ዓመት ልጅ እጅ ምን ጉልበት አለው? ጉልበቷ እግሯ ላይ ነው። ውሃ በጠፋ ቀን ጄሪካን ተሸክማ አራተኛ ፎቅ የምትወጣ ልጅ ናት እኮ።

በማግስቱ «ክርንሽን ለጊዜው ተይው። መጀመሪያ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ስትነሺ አብረሽ ልቀቂው» አልኳት። ኳሱ ሄዶ ቀለበቱን ነካ። አልገባም። ነካ። ሳቀች። እኔ ደግሞ አሰልጣኝ መሆን የጀመርኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ፊሽካ ያንጠለጠለ ተጫዋች ነው።

አሁን ትንሽ ወደ ታሪክ ልውሰዳችሁ። አይረዝምም።

ባስኬትን የፈጠረው ጄምስ ናይስሚዝ የሚባል በካናዳ የተወለደ የስፖርት መምህር ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1891፣ ቦታው አሜሪካ፣ ስፕሪንግፊልድ። በብርዱ ወቅት ቤት ውስጥ ተዘግተው የሚረብሹ 18 ተማሪዎች ነበሩበት። ሁለት የኮክ ቅርጫት በሰገነቱ መከለያ ላይ ሰቀለ፣ 13 ሕግ ጻፈ፣ ዘጠኝ ለዘጠኝ አጫወታቸው። ዛሬ ቀለበቱ 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም ላይ የሚሰቀለው ያ ሰገነት እዚያ ቁመት ላይ ስለነበረ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም። የመጀመሪያው ጨዋታ 1 ለ 0 አለቀ። ልጆቼ አንዳንዴ እንደዚያ ይጫወታሉ።

ይህ ሰው በኋላ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ አሰለጠነ። ስንት አሸነፈ? 55። ስንት ተሸነፈ? 60። ጨዋታውን የፈጠረው ሰው ነው እንግዲህ! ሕጉን በእጁ የጻፈው ሰው ከማሸነፍ መሸነፉ በዛ። እኔ ይህን ያነበብኩ ቀን በጣም ነው የተጽናናሁት።

ናይስሚዝ ያስተማረበት ትምህርት ቤት የወወክማ፣ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ነበር። አዲስ አበባ ያደጋችሁ ታላላቆቻችን ወወክማ ሲባል አራት ኪሎ ትዝ ይላችኋል። አዎ፣ ጋሼ ከወዲያ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው። ባስኬት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ካይሮ ላይ ሲደረግ ኢትዮጵያ ነበረችበት። በዚያው ዓመት ግን እዚህ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 ረትተን የአፍሪካን የእግር ኳስ ዋንጫ በላን። በቃ፣ ካይሮን ማን ያስታውሳታል?

የዚያ ዋንጫ አሰልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እሳቸው የቅዱስ ጊዮርጊስ ኮከብ ተጫዋች ነበሩ፣ ከዚያ አሰልጣኝ ሆኑ፣ ከዚያ የአፍሪካ እግር ኳስ ፕሬዚዳንት። ስለዚህ «ጥሩ ተጫዋች ጥሩ አሰልጣኝ አይሆንም» አላልኩም። ነገ ሰፈር ውስጥ እንደዚያ ብሏል እንዳትሉኝ። ይሆናል። ግን የተጫወተበት እግሩ አይደለም የሚያሰለጥንለት።

ስለ አንድ ጓደኛዬ ልንገራችሁ። ኮሌጅ አብረን ነበርን። አራት ዓመት ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጨዋታው ሲያልቅ፣ ውጤቱ ሲሰፋ፣ ሁለት ደቂቃ ይገባል። እኛ ላብ በላብ ሆነን ስንወጣ ፎጣ የሚያቀብለን እሱ ነው። አንዳንዶቻችን እንቀልድበት ነበር። እኔም እቀልድበት ነበር፣ ልክ አልነበረም።

ይህ ልጅ በእረፍት ሰዓት አጠገቤ ይቀመጥና በጆሮዬ ያወራል። «ያ ቁመታሙ ልጅ በቀኝ ብቻ ነው የሚሄደው። ግራውን ተውለት።» «ሰባት ቁጥሩ ደክሞታል፣ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።» «አንተ ፓስ ልትሰጥ ስትል መጀመሪያ በዓይንህ ታያለህ። ነቅተውብሃል።» እሺ እለውና እገባለሁ። ልክ ነው። ሁልጊዜ ልክ ነው። እኔ ሜዳ ውስጥ ሆኜ ያላየሁትን እሱ ወንበር ላይ ሆኖ ያየዋል። እኔ ኳሱን ነው የማየው። እሱ የሚያየው ኳስ ያልያዙትን ዘጠኙን ነው።

አሜሪካ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር አለ። ዲን ስሚዝ የሚባለው አሰልጣኝ ማይክል ጆርዳንን በኖርዝ ካሮላይና ያሰለጠነው ነው። 879 ጨዋታ አሸንፏል። ራሱ ሲጫወት ግን የካንሳስ ተቀያሪ ነበር። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ1952 ዋንጫ ሲበላ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ወንበር ላይ ነው። የዚያን ጊዜ አሰልጣኙ ፎግ አለን ይባላል። እሱን ደግሞ ካንሳስ ላይ ያስተማረው ማን መሰላችሁ? ያ ከማሸነፍ መሸነፉ የበዛው ናይስሚዝ። ቦብ ናይት የሚባለው አሰልጣኝም ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1960 ዋንጫ ሲበላ ተቀያሪ ነበር። እሱ አሰልጣኝ ሆኖ ያጫወተው ማይክ ሸሸፍስኪ በአሰልጣኝነት 1,202 ጨዋታ አሸነፈ። ስሙን እንኳ በደንብ መጥራት የሚችል የለም፣ «ኮች ኬ» ብለው ገላገሉት።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ተቀያሪ ሆኖ ሲያኮርፍ ወደ እኔ አትደውሉ። ይሄን ንገሩት። አይ፣ እንዲያውም ደውሉ። ግን ይሄንንም ንገሩት።

አሁን ወደ እግር ልምጣ። የሚያናድደኝ ነገር እዚህ ጋ ነው።

ጆን ዉደን የሚባል አሰልጣኝ ነበር። ራሱ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ኮከብ ተጫዋች ነበር። ከዚያ የእንግሊዝኛ መምህር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1948 ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. የሚባለው የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ሆኖ ገባ። የመጀመሪያውን ብሔራዊ ዋንጫ ያገኘው በ1964 ነው። አሥራ ስድስት ዓመት አስቡት! በእኛ ትዕግሥት ቢሆን በሁለተኛው ዓመት አባረነዋል። ከዚያ በ12 ዓመት ውስጥ 10 ዋንጫ ወሰደ። 88 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ።

ይህ ሰው በልምምድ የመጀመሪያ ቀን፣ ከመላ አሜሪካ ተመርጠው የመጡ ግዙፍ ልጆችን አስቀምጦ ካልሲ እንዴት እንደሚለበስ ያስተምራቸዋል። ካልሲ! ጣት ጋ የተጨማደደውን ዘርጉ፣ ተረከዝ ጋ ያለውን አስተካክሉ፣ የጫማውን ክር ከታች ጀምራችሁ አጥብቁ። ምክንያቱም ካልሲ ከተጨማደደ ውሃ ይቋጥራል። ውሃ የቋጠረ እግር አይሮጥም። የማይሮጥ ተጫዋች ምንም ቢችል ዋጋ የለውም።

ይህን ሳነብ «ወይ ሀብታም አገር፣ የሚያስቡት ነገር ጠፍቷቸው» አልኩ። ከዚያ አንድ ልጅ ልምምድ ቀረብኝ። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ሰነፍ ልጅ ነው አልኩ። ለሌሎቹም «እንደ እሱ እንዳትሆኑ» ብዬ ተናገርኩ። በአራተኛው ቀን ሱቅ በር ላይ አገኘሁት። እያነከሰ ነው። ጫማውን አስወለቅኩት። ከሳልቫጅ የተገዛ ጫማ ነው፣ የታላቅ ወንድሙ፣ በሁለት ቁጥር ይበልጠዋል። ካልሲ የለውም። ተረከዙ ተልጦ ቀይ ሆኗል። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «ኮች፣ ጫማ የለህም ብለህ ታስወጣኛለህ ብዬ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ልምምዳችን የሚጀምረው መሬት ላይ ተቀምጠን ነው። ጫማ ይወልቃል። ካልሲ ይገለበጣል። እግር ይታያል። ጫማው የሰፋበት ልጅ ሁለት ካልሲ ይደርባል። አንዳንድ እናቶች «ልጄን ኳስ ላስተምር ላኩት፣ እግር ሲታጠብ አገኘሁት» ብላችሁኛል። አዎ፣ ይታጠባል። ሽታውን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ሜዳውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ማለት በኦሮምኛ ቀይ ጉብታ ነው። ቀዩን አፈር ማን እንደወሰደው እንጃ፣ እኛ የደረሰን ጥቁሩ ነው። ኮትቻ። ክረምት ሲሆን ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ሲሆን ይሰነጠቃል። ላዩ ላይ ሲሚንቶ ብታፈሱ ሲሚንቶውን ይዞ ይነሳል፣ ይዞ ይወርዳል። ለዚህ ነው ሜዳችን መሃሉ ላይ የተሰነጠቀው። ኳሱ ስንጥቁ ላይ ሲያርፍ ወዴት እንደሚነጥር እግዜር ነው የሚያውቀው። የሰፈራችን ልጆች ታዲያ ሌላ ቦታ ሄደው ሲጫወቱ ድሪብላቸው ዝቅ ያለ ነው፣ ኳሱ ከእጃቸው አይርቅም። አሰልጣኞች ማን አስተማራቸው ይሉኛል። ስንጥቁ ነው ያስተማራቸው።

ቀለበቱን በሰፈሩ በያጅ ነው ያሠራነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ በነፃ ነው የሠራልን። ግን ምሰሶውን ሲተክል ከፍታውን ከጉድጓዱ አፍ ሳይሆን ከድንጋዩ ላይ ለካ። ቀለበቱ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ተሰቀለ። አንድ ወር ሙሉ «ምነው ልጆቹ አይደርሱም» እያልኩ ነበር። እንደገና ጥፋቱን በልጆቹ ላይ! ሜትር ይዤ የሄድኩት በኋላ ነው።

ደግሞ ለትንንሾቹ 3 ሜትር ከ5 ራሱ ይበዛባቸዋል። በዓለም ላይ ለሕፃናት የሚጠቀሙበት ቀለበት 2 ሜትር ከ60 ነው፣ ኳሱም 5 ቁጥር። የአዋቂ ወንዶች 7 ቁጥር ነው፣ የሴቶች 6። እኛ አንድ ባለ 7 ቁጥር ኳስ ነበረን፣ የስምንት ዓመቱም የሃያ ዓመቱም የሚጫወተው በእሱ ነው። ለሕፃን የአባቱን ጫማ እንደማልበስ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ቀለበት ዝቅ አድርገን አጥሩ ላይ አሰርን። አሁን ያ ቀለበት ከትልቁ ይልቅ ወረፋ አለው።

ለልጆቹ አንድ የማሳያቸው ነገር አለ። መሰላል ላይ እወጣና ኳሱን ቀለበቱ ውስጥ ይዤ አሳያቸዋለሁ። ቀለበቱ ውስጡ 45 ሳንቲም ነው፣ ኳሱ 24 ገደማ። ዙሪያውን የተረፈውን ቦታ ያዩታል። ከታች ሲያዩት ጠባብ ይመስላቸዋል እኮ። «ኮች፣ እንዲህ ሰፊ ነው እንዴ?» ይላሉ። የዚያን ቀን አወራወራቸው ይለወጣል።

ስለ ሴቶቹ ልጆች አንድ ነገር ልበል። ፓት ሳሚት የምትባል አሜሪካዊት ነበረች። በኮሌጅ ተጫወተች፣ እንደጨረሰች እ.ኤ.አ. በ1974 የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ቡድን አሰልጣኝ አደረጓት። ዕድሜዋ 22። ተጫዋቾቿ እኩዮቿ ናቸው ማለት ይቻላል። ደሞዟ በወር 250 ዶላር። ማልያ ታጥባለች፣ ቫኑን ራሷ ትነዳለች። የመጀመሪያውን ጨዋታ በአንድ ነጥብ ተሸነፈች። ከሁለት ዓመት በኋላ በሞንትሪያል ኦሊምፒክ፣ እኛ ከአፍሪካ ጋር አድመን በቀረንበት፣ ተጫዋች ሆና የብር ሜዳሊያ አገኘች። አሰልጣኝነቷን ስትጨርስ 1,098 አሸንፋ፣ 8 ዋንጫ ይዛ ነው።

ይህን የምነግራችሁ ሴት ልጆቻችሁ ፓት ሳሚት ይሆናሉ ብዬ አይደለም። ማልያ የምታጥብ አሰልጣኝ እዚህም ስላለ ነው፣ ባለቤቴ ታውቃለች። ሌላው ደግሞ፣ ሴቶቹ 14 ዓመት ሲሞላቸው ይጠፉብኛል። ወንዶቹ አይጠፉም። ስጠይቅ «ሲመሽ ትመጣለች»፣ «ሥራ አለባት» ነው መልሱ። መሽቶ መምጣቷ እውነት ነው፣ የመንገድ መብራቱን ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ልምምዱን ጠዋት 1 ሰዓት አድርጌዋለሁ። ሥራውን ግን እኔ ላደርገው አልችልም። ወንድሟ ጄሪካኑን ይያዝላት።

እዚህ ጋ እናቶች አጨበጨቡ። አባቶች ጣራውን አዩ። ከዚያ ጥያቄ ተከፈተ፣ ሁለቱን ብቻ እጽፋለሁ።

ጋቢ የለበሱ አባት ተነሱ። «የኔ ልጅ እንቅልፉም ኳስ ነው፣ ምሳውም ኳስ ነው። በዚህ ነገር እንጀራ ይበላል ወይ? እውነቱን ንገረኝ።»

ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። እኔም አልበላሁበትም። የምኖረው በመምህርነት ደሞዜ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የአፍሪካ ባስኬት ሊግ የሚባል ኪጋሊ ላይ ተጀምሯል፣ ልጆቹ በስልክ ያዩታል፣ ያልማሉ። ይልሙ። ግን ትምህርቱን አቁሞ ኳስ ብቻ የሚል ልጅ እኔ ሜዳ ላይ አይገባም። ደብተሩን ያሳየኝ። የእርስዎን ልጅ ደብተር ሰኞ አየዋለሁ። ልጁ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበርና አንገቱን ደፋ።

መጨረሻ ላይ አንድ ጎረምሳ «ያ ወንበር ላይ የነበረው ጓደኛህ አሁን የት ነው? የማን አሰልጣኝ ሆነ?» አለኝ።

የማንም አልሆነም። ባንክ ቤት ነው የሚሠራው። ያኔ ኮሌጅ ስንጨርስ ሰዎች አሰልጥን ብለው የጠየቁት እኔን ነው፣ ተጫዋቹ እኔ ስለነበርኩ። እሱን የጠየቀው የለም። እኔም አልጠየቅኩትም።

አንዳንድ ቀን ግን ከከተማ ይመጣል። የምታዩት ሰውዬ ነው፣ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ የሚቀመጠው፣ ኮፍያ ያለው። ልጆቹ የማን አባት እንደሆነ ግራ ይገባቸዋል። ምንም አይናገርም። ማኪያቶ ጠጥተን ይሄዳል። ማታ ላይ ይደውልልኛል።

ትናንት ማታም ደወለ። «ያቺ ቢጫ ካልሲ ያደረገችው ልጅ፣ ወደ ግራ መሄድ ስትፈልግ መጀመሪያ አንተን ታያለች። ልትጮህባት ነው ብላ ነው» አለኝ።

እኔ አላየሁም ነበር። ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሌላ ቦታ እቆማለሁ፣ ከጀርባዋ።